በወልደ ሰንበት ስም

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ሚስቴ ሳትሰማው ሞተች። የንስሐ አባቴም ሳይሰሙት እነሆ አረጁ። በየዓመቱ ሁዳዴ ሲገባ እሳቸው ፊት ተንበርክኬ ሌላ ሌላውን እዘረዝራለሁ፤ ሐሜቱን፣ ቁጣውን፣ በጾም የበላሁትን። እሳቸውም ስግደት ይጨምሩልኝና "እግዚአብሔር ይፍታህ" ይሉኛል። እኔም እንዳልተፈታሁ እያወቅሁ መስቀላቸውን ተሳልሜ እወጣለሁ። ዛሬ ለእናንተ የምናገረው ፊታችሁን ስለማላየው ነው። ፈሪ ሰው ነኝ፤ የበደሌም ሥሩ እሱ ነው።

ሰው በድያለሁ። የበደልኩት በእርሳስ ነው። ግማሽ ገጽ የማይሞላ ነገር ጻፍኩ፤ ከሥሩም የራሴ ያልሆነ ስም አኖርኩ። ያደረግሁት ይኸው ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ከቡራዩ ተነሥቼ አዲስ አበባ ላይ ዩኒቨርሲቲ የገባሁበት የመጀመሪያው ዓመት ነው። ከጎጃም መጥቶ ቡራዩ በአንድ መሥሪያ ቤት ዘበኛ የሆነው አባቴ፣ ልጁ ዩኒቨርሲቲ መግባቱን ለሚያውቀውም ለማያውቀውም ነግሮ ጨርሷል። ብወድቅ የምወድቀው ብቻዬን አልነበረም።

ሁላችሁም ትፈሩ አልነበረም ወይ ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ እንፈራ ነበር። የገና ፈተና ሲያልፍ ከአዲሶቹ ተማሪዎች ብዙዎቹ ሻንጣቸውን ተሸክመው ወደየአገራቸው እንደሚመለሱ የማያውቅ አልነበረም። አንዱ ፈተና በሰማ ቁጥር ሆዱን ይቆርጠዋል፤ ሌላው ጥግ ይዞ ዝም ይላል፤ አንዳንዱ ደግሞ እንዳልፈራ ለማሳየት በየመተላለፊያው እየጮኸ ይቀልዳል። እነዚህ ሁሉ የታወቁ ፍርሃቶች ናቸው፤ ስም አላቸው። የኔ ስም አልነበረውም።

እኔ የምፈራው ስም ሲጠራ ነበር። መምህሩ የኔ ስም ጋ ሲደርስ፣ አፌን ከመክፈቴ በፊት ሌላ ሰው በእኔ ስም "አቤት" ይላል ብዬ እፈራለሁ። መምህሩ ምልክቱን አድርጎ ያልፋል፤ እኔ እዚያው ወንበሬ ላይ ተቀምጬ የሌለሁ እሆናለሁ። ይህ እንዴት ያለ ፍርሃት ነው? ለማን ይነገራል? ምግብ አዳራሽ ስገባ ደግሞ ጠረጴዛችን ላይ ያሉትን እቆጥራለሁ። አንድ ሰው ይጎድላል። ራሴን ረስቼ ነው እልና ራሴን ጨምሬ እንደገና እቆጥራለሁ። አሁንም አንድ ይጎድላል። ሌላም ነበረኝ። በር ባለፍኩ ቁጥር የግራ እጄን አውራ ጣት በአራቱ ጣቶቼ ሸፍኜ እጨብጣለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ የያዘኝ ነው፤ እናቴ እንኳ አታውቀውም ነበር።

ከአልጋዬ ቀጥሎ የሚተኛው ቶሎሳ ይባላል። የሱሉልታ ገበሬ ልጅ ነው። እንግሊዝኛው እንደኔው የተሰባበረ ነበር፤ ግን ሲሳሳት ከሁሉም ቀድሞ የሚስቀው እሱ ነው። ፈተና ነገ ነው ሲባል "ታዲያ ዛሬ ምን አገባኝ?" ይልና ጫማውን ሳያወልቅ እንቅልፍ ይወስደዋል። ክፍል ብቻዬን መግባት እንደማልወድ አይቶ ኖሮ፣ አንድም ቀን ለምን ብሎ ሳይጠይቀኝ፣ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። እናቱ የምትልክለትን በሶ ከኔ ጋር ነው የሚበላው። እንዲህ ያለ ሰው ነበር። እኔ ግን ቀናሁበት። በእውቀቱ አልነበረም፣ በመልኩም አልነበረም። በእንቅልፉ ቀናሁበት።

በጥቅምት ወር በአንዱ እሑድ ሱሉልታ ቤታቸው ወሰደኝ። ከቅዳሴ በኋላ ጠበል ልንጠመቅ ተሰለፍን። ቄሱ እያንዳንዱን ሰው ክርስትና ስሙን ይጠይቃሉ፤ ሰውም ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብሎ ይነግራቸዋል። ይህ ስም እንደማንኛውም ስም እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። ሰው ከእናቱ፣ ከክርስትና አባቱና ከቄሱ በቀር ለማንም አይናገረውም፤ ክፉ የሚመኝ ሰው ካወቀው ነፍስን በእሱ ይጠራል ይባላል። ከቶሎሳ ኋላ ቆሜ ነበር። ልሰማ ብዬ አልነበረም፤ ሰማሁ። ወልደ ሰንበት። ውሃው ሲወርድበት ከብርዱ የተነሳ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ስሙን መስማቴን አላወቀም።

ከዚያ በኋላ ጥቂት ሳምንት አልፎ የሥነ ልቦና ትምህርት የሚያስተምረን ፈረንጅ በስቴንስል የተባዛ መጠይቅ ይዞ መጣ። የአዲስ ተማሪዎችን ጠባይና ጭንቀት ማጥናት ፈልጎ ነው። እንቅልፍ ይወስድሃል ወይ? ከሰው መሀል ትጨነቃለህ ወይ? ብቸኝነት ትወዳለህ ወይ? አዎ ወይም አይደለም እያልን ምልክት እናደርጋለን። የመጨረሻው ገጽ ባዶ ነው፤ ከሁሉ አብልጠህ የምትፈራውን ጻፍ ይላል። መምህሩ ደግ ሰው ነበር። "እውነተኛ ስማችሁን አትጻፉ፤ ማንም የማያውቀውን አንድ ስም ለራሳችሁ አውጡና ጻፉ" አለን። ምስኪን፣ እኛ እንዲህ ያለ ስም በአርባ ቀናችን ወጥቶልን እንዳደግን አላወቀም። ስም ፍለጋ የደከመ አልነበረም። አብዛኛው ተማሪ ሳያመነታ ክርስትና ስሙን ጻፈ። ቶሎሳም የራሱን ጻፈ።

እኔስ? እኔ መጀመሪያ ባዶውን ገጽ ሞላሁ። ያን ያህል ዓመት የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ ወረቀቱ ሲጠይቀኝ አላስቻለኝም። የስም ጥሪውን ነገር፣ የቆጠራውን ነገር ሁሉ በትልልቁ የእንግሊዝኛ ፊደል ጻፍኩት። የአውራ ጣቴን ብቻ አስቀረሁ፤ እሱን ለወረቀትም አፍሬ። ስም መጻፊያው ጋ ስደርስ እርሳሴ ቆመ። ወረቀቱ የሚባረሩትን መምረጫ ነው የሚል ወሬ ነበር። ክርስትና ስሜን እንዴት ከዚህ ጉድ ሥር አኖራለሁ? አልኩ። እጄ ወልደ ሰንበት ብሎ ጻፈ።

እጄ ጻፈ አልኩ? እኔ ጻፍኩ። የፈጠራ ስም ሞልቶ ለምን የሱን ጻፍኩ? ለረጅም ጊዜ እንዲያው በድንጋጤ መጣብኝ እያልኩ ራሴን አታልያለሁ። ውሸት ነው። ልጅ ሳለሁ ቡራዩ ታምሜ፣ እናቴ ቀይ ዶሮ በራሴ ላይ ሰባት ጊዜ አዙራ መንታ መንገድ ላይ አስጣለችው። ጭዳ ነው። በማግስቱ ተሽሎኝ ተነሣሁና "በሽታዬን ማን ወሰደው?" ብዬ ጠየቅኋት። "ያገኘው" አለችኝ። ያን ቀን መጠይቁ ፊት ተቀምጬ ያሰብኩት ይህን ነበር። እሱ ብርቱ ነው፤ ይችለዋል፤ ሳቅ ብሎ ያሳልፈዋል አልኩ። ጓደኛዬን ጭዳ አደረግሁት። በራሴ ላይ አዙሬ ጣልኩት።

ማታውኑ እንቅልፍ ወሰደኝ።

በሳምንቱ መምህሩ ሊያነጋግራቸው የፈለጋቸውን ሰዎች ስም ሰሌዳ ላይ ለጠፈ። ገብረ እገሌ፣ ወልደ እገሌ፣ ኃይለ እገሌ እያለ ይወርዳል። በቁማችን የፍትሐት ዝርዝር የተነበበልን መሰለኝ። ከመካከሉ ወልደ ሰንበት አለ። ቶሎሳ እየሳቀ ሄደ። ሲመለስ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። "መምህሩ ሁለት ወረቀት አሳየኝ" አለ። "አንዱ የኔ ነው፣ ሁለተኛውም የኔ ስም አለበት። አንድ ቦታ እንኳ 'አዎ፣ እፈራለሁ' ያላልኩት ሰው፣ ሁለተኛው ላይ ሁሉንም እፈራለሁ ብያለሁ" አለ።

ያን ጊዜ ሁለት ቃል ይበቃው ነበር። እኔ ነኝ ማለት። መምህሩ እንኳ በር ከፍቶልኝ ነበር፤ በማግስቱ "ሁለተኛው ወልደ ሰንበት ይምጣ" የሚል ሌላ ማስታወቂያ ለጠፈ። ሰሌዳው ፊት ቆሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ሦስት ቀን ተለጥፎ ቆየ። ቶሎሳም በየአልጋው እየዞረ ስሙን ሳይጠራ፣ ወረቀቱ ላይ ስም ተሳስቶ የጻፈ አለ ወይ እያለ ጠየቀ። ማን ይመልስለታል? ክርስትና ስሙን የሚናገር የለ። ሁለተኛው ሰው አልመጣም። መምህሩም ሁለቱም ወረቀቶች የአንድ ሰው ናቸው፣ ልጁ ለሁለት የተከፈለ ነው ወደሚለው አደላ።

ቶሎሳ በመጨረሻ ወደ እኔ መጣ። "ይህን ስም የሚያውቅ የለም" አለኝ። "እኔ ካልጻፍኩት ማን ጻፈው?"

እኔም፣ ይህን በገዛ አፌ፣ ዓይኑን እያየሁ "ምናልባት ጽፈህ ረስተኸው ይሆናል" አልኩት።

ከሁሉ የከፋው በደሌ ይኸኛው ነው። ስሙን ስጽፍ ፈርቼ ነበር። ይህን ስናገር ግን ተረጋግቼ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ሲያሰላስለው እያየሁ እራቴን በላሁ።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ስነግራችሁ እንደፈለጋችሁ አስቡት። እኔ እየዳንኩ ሄድኩ። ስም ሲጠራ አፌን ሞልቼ አቤት እላለሁ። ጠረጴዛው ላይ ያሉት ሰዎች ልክ ናቸው። ቶሎሳ ግን ምግብ አዳራሽ ገብቶ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ሲቆጥር አየሁት። ወረቀቱ ላይ አንብቦት ነው፣ አእምሮው ውስጥ ገብቶበት ነው አልኩ፤ ራሴን አጽናናሁ። ስሙ ሲጠራ አቤት ከማለቱ በፊት ዞር ዞር እያለ ሌሎቻችንን ማየት ጀመረ። ይህንንም አንብቦታል አልኩ። አንድ ጠዋት እንደ ልማዱ ክፍሉ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ከፊቴ ቀድሞ ሲገባ ግራ እጁን አየሁት። አውራ ጣቱን በአራቱ ጣቶቹ ሸፍኖ ጨብጦታል።

ያን አልጻፍኩትም። ለማንም አልነገርኩም። ከየት አመጣው? እኔ ስሙን ከጻፍኩበት ቀን ጀምሮ በር ሳልፍ እጄ ክፍት መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት።

ፈተናው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው መምህሩ ቤተሰቡ ጋ ሄዶ እንዲያርፍ መከረው። ፈተናው ሳይፈተን አለፈው። እኔ አለፍኩ፤ በጥሩ ውጤት አለፍኩ። የሱ ስም ከተባረሩት ጋር ተለጠፈ።

በገና ዕረፍት የቀረውን ሣጥኑን ይዤ ሱሉልታ ሄድኩ። እናቱ አዴ ጫልቱ አጥር በር ድረስ ወጡ። "አካም ጅርታ፣ ልጄ? ናጋዳ?" ብለው ጉንጬን ሳሙኝ። ቶሎሳ ከድርቆሹ ክምር ሥር ፀሐይ ላይ ተቀምጧል፤ አውቆኛል፣ ፈገግ ብሎልኛል። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ የሚሉትን ቤተሰቦቹን በዓይኑ እየተከተለ ቆየና "አንድ ሰው ይጎድላል" አለኝ። ማን ነው ብዬ ስጠይቀው፣ "እኔ ነኝ መሰለኝ" አለ።

አዴ ጫልቱ ቤት አስገብተው እርጎ ሰጡኝና ከፊቴ ተቀመጡ። "ልጄን በነፍስ ስሙ የጠራው ሰው አለ" አሉኝ። "እናት ነኝ፤ አይጠፋኝም። ያን ስም እኔ፣ ክርስትና አባቱና ቄሱ ብቻ ነን የምናውቀው። አንተ ጓደኛው ነህ፤ አብራችሁ በላችሁ፣ አብራችሁ ተኛችሁ። ለማን ነው የነገረው? ብቻ እሱን ንገረኝ። ሰውየውን አልጣላውም፤ እግሩ ላይ ወድቄ መልስልኝ እለዋለሁ።"

"እኔ አላውቅም፣ እማማ" አልኩ። "ለኔም ነግሮኝ አያውቅም፤ አንቱ እንዳሉት ነው፣ የተደበቀ ስም ነው።"

ያልነገረኝ እውነት ነበር። እንዲህ ያለ እውነት ከውሸት በምን ይሻላል?

ተነሥተው በሩ መቃን ላይ ቆሙና ወደ ግቢው ተጣሩ። በየቀኑ እንዲህ ያደርጉ ኖሯል፤ የተወሰደ ሰው በነፍስ ስሙ ከቤቱ ደጃፍ ቢጠራ ይመለሳል ብለው። "ወልደ ሰንበት!" አሉ። ልጃቸው ከድርቆሹ ሥር አልተንቀሳቀሰም። "ወልደ ሰንበት!" ፊቱን እንኳ አላዞረም። ሦስተኛ ጠሩ።

"አቤት" አልኩ።

እኔ ነኝ ያልኩት። ሳላስበው፣ ጥርት ባለ ድምፅ፣ የእናቱን ጥሪ እንደሰማ ልጅ። እርጎው እጄ ላይ ነበር። አዴ ጫልቱ ቀስ ብለው ዞሩ። ይጮኻሉ፣ ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅሁ።

"አንተ እንቅልፍ ደህና ይወስድሃል?" አሉኝ።

"ይወስደኛል" አልኩ።

ለመንገድ ቆሎ ቋጠሩልኝ። እግሬ ላይ አልወደቁም፤ ምናልባት እኔ እግራቸው ላይ እስክወድቅ ይጠብቁኝ ነበር። ቆሎውን ተቀብዬ ሄድኩ።

ተመርቄ ሰበታ አስተማሪ ሆንኩ። አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ተኛሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሱሉልታን ሳልረግጥ ተኛሁ። ከዚያ አንድ የሱሉልታ ሰው ገበያ ላይ አግኝቶኝ፣ ያ ጓደኛህ ደረቱን ታምሞ ዛሬ ማለዳ ዐረፈ፤ ቀብሩ ነገ ነው አለኝ። ሄድኩ። ሕዝቡ መሀል ተደብቄ ቆምኩ። ቄሱ በፍትሐቱ የሟቹን ክርስትና ስም ሲያነሡ አቤት እንዳልል አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። የወልደ ሰንበትን ነፍስ ማር ይላሉ፤ እኔ ምሕረት የሚለመነው ለማን እንደሆነ አላወቅሁም። አዴ ጫልቱ በእህቶቻቸው ተደግፈው ያለቅሱ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብለው አዩኝ። ዓይኔን መሬት ላይ ጣልኩ።

ሰኞ ጠዋት ክፍል ገብቼ እንደ ሁልጊዜው ስም ጠራሁ። ልጆቹ ተራ በተራ አቤት አሉ። የመጨረሻውን ስም ጠርቼ መዝገቡን ዘጋሁ። ከኋላ በኩል አንድ ሰው ቀስ ብሎ "አቤት" አለ። ቀና አልኩ። ልጆቹ ደብተራቸውን ገልጠው በጸጥታ ይጠብቁኛል፤ የሰማ የለም። ወንበሮቹን ቆጠርኩ። አንድ ሰው ይጎድላል። ራሴን ጨምሬ ቆጠርኩ። ከክፍሉ ስወጣ አውራ ጣቴ በጣቶቼ ውስጥ ነበር።

ፍርሃቴ ቤቱን አልረሳም፤ ተመልሶ መጣ። እነሆ እስከዛሬ አብሮኝ አለ። ጡረታ ወጥቼም፣ ስም የምጠራበት ክፍል ሳይኖረኝም፣ ቤቴ ውስጥ ማንም ሳይጠራ አቤት የሚል አለ። ሰዎች የሽማግሌ ጆሮ ነው ይሉኛል። ይበሉ። እኔ ሲመጣ አልተቃወምኩትም፤ የራሴን ዕቃ ሰው መለሰልኝ፣ ያውም ከሞተ በኋላ። ስድስት ዓመትና ከዚያ በፊት የነበረው ጊዜ ሁሉ፣ የተሸከመው የኔን ነበር።

ልጅ ነበርኩ ልበል? እሱም ልጅ ነበር። ፈርቼ ነበር ልበል? አሁን ፍርሃት ምን እንደሆነ ከኔ ይልቅ ያወቀው እሱ ነው፤ በዚያ ላይ ለምን እንደሚፈራ ሳያውቅ ፈራ። ይቅርታ ከማን ልጠይቅ? አዴ ጫልቱም ልጃቸውን ተከትለዋል። ስለዚህ ይቅርታ አልጠይቅም። ጸሎት የምታውቁ ብትሆኑ ወልደ ሰንበትን አስቡት፤ በስሙ ሌላ ሰው ሳይገባበት ለአንድ ጊዜ ብቻውን ይጠራ። እኔ የቀረኝ ነገር ያን ወረቀት እንደገና መጻፍ ነው። ይኸው፤

ስም ሲጠራ ሌላ ሰው በእኔ ስም አቤት እንዳይል እፈራለሁ። ሰው ስቆጥር አንድ ይጎድላል። በር ሳልፍ አውራ ጣቴን እደብቃለሁ። ይህ ሁሉ የኔ ነው፤ የቶሎሳ ሆኖ አያውቅም።

ክርስትና ስሜ ገብረ ኪዳን ነው።